የሳሩ በር

ባለፈው እሑድ ላንቴ ቀበሌ የአክስቴ ልጅ ቤት ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ከአርባ ምንጭ የታችኛው ከተማ፣ ከሲቀላ፣ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ «ወዴት ነዎት አባባ?» ሲለኝ፣ «ኤክስፐርት ግቢ» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። አቧራ የጠጣ ጫማዬን አየ፤ ዘመዶቼ ሲሸኙኝ የሰጡኝን የሙዝ ዘለላ ጭኔ ላይ አየ፤ ከዚያ በትሕትና፣ «እዚያ የሚሠራ ልጅ አለዎት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሰባ ሦስት ዓመቴም ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ደሜን ያፈላዋል። «የሚሠራ ልጅ የለኝም። የምኖረው እኔው ነኝ! ዘጠኝ ቁጥር ቪላ። አባትህ እናትህን ገና ሳያያት ጀምሮ» አልኩት። ሳቀና፣ «አይቀየሙኝ አባባ፤ እዚያ የሚኖሩት ባለ ሆቴሎችና ዶክተሮች ናቸው ሲባል ሰምቼ ነው» አለኝ። አልተቀየምኩም። እውነቱን ነው፤ አሁንማ ባለ ሆቴሎችና ዶክተሮች ናቸው፤ እነሱና እኔ።

ኧረ እኮራለሁ! ለምን ብዬ እደብቃለሁ? ሰው በልጁ ይኮራል፣ በእርሻው ይኮራል፤ እኔ በሰፈሬ እኮራለሁ። ኤክስፐርት ግቢ በላይኛው ከተማ፣ በሴቻ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ፣ በግንብ የታጠረ ሃያ አራት ቪላ ነው። ከበረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ በግራ ቀላ ያለውን የአባያ ሐይቅ፣ በቀኝ ሰማያዊውን ጫሞን፣ በመሀላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉትን ተራራ አያለሁ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ይህንን ነው፤ ቡና እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የሚቀርበው። እኛ ስንገባ ግቢው ከከተማው ጫፍ ውጪ ነበር፤ ከግንቡ ወዲያ ግራርና የዝንጀሮ መንጋ እንጂ ጎረቤት አልነበረንም። ዛሬ ከተማው ዙሪያችንን ከቦናል። በአንድ በኩል ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል፣ በአንድ በኩል ኮንዶሚኒየም፣ በአንድ በኩል የባጃጅ ተራ፤ እኛ ብቻ መሀል ላይ ከነማንጎ ዛፋችንና ከነቡገንቪላችን ቀርተናል። አንድ ደላላ ሰሞኑን መጥቶ ለዘጠኝ ቁጥር የጠራልኝን ዋጋ ለባለቤቴ ለአስናቀች ስነግራት፣ «ያንን ሁሉ ብር ይዘን የት ልንኖር ነው?» አለችኝ።

ባጃጇ ዳገቱን እያቃሰተች ስትወጣ እኔ ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ። በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግቢው ኮሚቴ የኋላውን በር ለመዝጋት ድምፅ ሊሰጥ ነበር። ልቃወም የተዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ታሪኩን የማውቅ ሽማግሌ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት፤ ሬሳ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅምና ላንቴ ዋልኩ። ዋናው በር ላይ ስወርድ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ከበሩ እንደገባሁ የትኩስ ሳር ሽታ ተቀበለኝ። አትክልተኛው ጠዋት በማሽን አጭዶት ኖሯል። ሌላ ሰው ቢሆን «እንዴት ደስ ይላል» ብሎ ያልፋል። እኔን ግን ያ ሽታ ባገኘኝ ቁጥር ከመንገዴ ያቆመኛል፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላኝ፣ ልቤ ያበጠ ጎረምሳ ያደርገኛል።

ግቢውን የሠሩት ፈረንጆች ናቸው። አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ነበረ፤ ኤክስፐርቶቹ ይኖሩበት ነበርና ስሙ ከዚያ ቀረ። ነጭ ግድግዳ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ፣ መስኮቱና በረንዳው ሁሉ በትንኝ ወንፊት የተሸፈነ፣ በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ፣ ቤት ውስጥ ሻወር! እኔ ያኔ የፕሮጀክቱ ቀያሽ ነበርኩ፤ የመሬት መለኪያውን ቲዎዶላይት ተሸክሜ ከኩልፎ ወንዝ እስከ አባያ ያልረገጥኩት መሬት የለም። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ቤቶቹ ለሠራተኛው በዕጣ ይሰጡ ተባለ። ዕጣው በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ነበር። እጄን ከትቼ ያወጣኋት ወረቀት ላይ «9» የሚል ሳነብ ዞሬ ከኋላዬ የነበረውን ሰው አቀፍኩት። ቁልፉን የተቀበልኩ ዕለት አስናቀች በየክፍሉ እየገባች መብራቱን ታበራና ታጠፋ ነበር። «አስናቀች፣ ምን ሆነሻል?» ስላት፣ «የእኛ መሆኑን እያየሁ ነው» አለችኝ።

ያ ጊዜ! ሱሪያችን ከታች ሰፊ፣ ሸሚዛችን ቴትሮን፣ ጸጉራችን ጆሮ ሸፋኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በየበረንዳው ቴፕ ይከፈታል፤ ከአንዱ ቪላ የክራር፣ ከሌላው የሳክስፎን ድምፅ እየመጣ መሀል ላይ ይገናኛል። ሲቀላ ወርደህ የሐይቅ አሳ ጥብስ ከነቃሪያ ዳጣው በሽልንግ ትበላ ነበር፤ በስሙኒ ደግሞ ክንድ የሚያህል ፓፓያ። ሴቻ ሲኒማው አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፋሁት ካኪ ኮት ነበረኝ፤ አራት ኪስ ያለው። ያን ኮት ለብሼ ከግቢው በር ስወጣ ዘበኛው ሃምሳ አለቃ ደምሴ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ይሰጠኛል። ሃምሳ አለቃ ከጎጃም የመጣ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ሰላምታው ጠመንጃ ባይኖረውም ጠመንጃ ያለው ይመስላል። እኔም ለመልሱ እጄን ወደ ግንባሬ እሰዳለሁ። ኧረ ስንት ነገር አለ! ዛሬ ፎቶውን ሳየው ራሴ እስቃለሁ፤ ያኔ ግን ዓለም ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። በዚያ ግቢ ካሉት ሃያ አራት አባወራዎች መካከል የአገሩ ልጅ፣ ጋሞ፣ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው ሁሉ ከሸዋ፣ ከሐረር፣ ከወሎ የመጣ ነው። እኔ ደግሞ አማርኛዬን እንደ አዲስ አበባ ልጅ አሹዬ፣ ቃል ሳልስት፣ ማንም «ከየት ነህ?» እንዳይለኝ እጠነቀቅ ነበር። ቢጠይቁኝም «ከአርባ ምንጭ» እላለሁ እንጂ «ከኩልፎ ዳር» አልልም። አባቴ ሻንካ ኩልፎ ዳር ሙዝ የሚተክል ገበሬ ነው። እናቴ ደግሞ በየቅዳሜው ሙዝ፣ ሃለኮ የምንለውን የሺፈራው ቅጠል፣ አንዳንዴም የማንጎ እሸት በቅርጫት ተሸክማ ገደሉን ወጥታ ትመጣልኛለች። የምትመጣው በኋላ በር ነው። ግንቡ ከመገንባቱ በፊት በዚያ በኩል የእግር መንገድ ነበረ፤ ከኩልፎ የአትክልት ቦታ ተነስቶ ሴቻ ገበያና ክሊኒክ የሚያደርስ። ፈረንጆቹ ግንቡን ሲሠሩ መንገዱ ላይ አንዲት ጠባብ የብረት በር ትተውለት ነበር። ጠዋት ጠዋት ሴቶቹ ቅርጫት ተሸክመው በዚያች በር ገብተው፣ በግቢው ጥግ ጥጉን አልፈው፣ በዋናው በር ይወጡ ነበር። እናቴ ዘጠኝ ቁጥር ስትደርስ ጓሮ ቁጭ ትላለች፤ ሳሎን ግቢ ብላትም አትገባም። እውነቱን ለመናገር እኔም አጥብቄ አልለምናትም።

አንድ ቀን የኢንጂነር ከበደ ሚስት አንሶላ ከማስጫው ገመድ ላይ ጠፋ። አበባ የታተመበት፣ ከውጭ የመጣ አንሶላ ነው አሉ። ኢንጂነሩ የኮሚቴው ሊቀመንበር ናቸው፤ ደግ ሰው፣ ሳቃቸው ከሦስት ቤት የሚሰማ፤ ሲቆጡ ግን አይጣል ነው። በማንጎ ዛፋቸው ሥር ሰበሰቡንና፣ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ማንም ሰው እንደ ወንፊት የሚያልፍበት ግቢ ምኑ ግቢ ነው? የኋላው በር ይዘጋ!» አሉ። «የምትደግፉ?» ሲባል እጆች ወጡ። እኔ ጸሐፊው ነበርኩ፤ እስክሪብቶ ይዣለሁ፤ ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ነው፤ እጄ ሥራ ይዟል ብል ማን ይጠይቀኛል? ግን ሁለት ሦስት ሰው ወደ እኔ አየ። «የአገሩ ልጅ ነው፤ ለወገኖቹ ያዳላል» የሚሉ መሰለኝ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ እጄን አወጣሁ፤ ከሁሉም ከፍ አድርጌ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። በማግስቱ በያጅ መጣና በሯን ከግንቡ ብረት ጋር በየዳት።

በተከተለው ቅዳሜ እናቴ ጠዋት መምጣቷ ቀርቶ እኩለ ቀን ላይ በዋናው በር በኩል መጣች። ገደሉን ዞራ፣ በመኪናው መንገድ፣ በጸሐይ። ኮንጎ ጫማዋ ተረከዟን ልጦት ነበር። ቅርጫቱን ስታወርድ፣ «በሩን ማን ዘጋው?» አለችኝ። በጋሞኛ ነው የጠየቀችኝ፤ በጋሞኛ መለስኩላት፤ «መሥሪያ ቤቱ ነው» አልኳት። «መሥሪያ ቤቱ ምን አደረግነው?» አለች። አስናቀች እግሯን በሞቀ ውሃ እያጠበችላት ቀና ብላ አየችኝ፤ ያቺ አስተያየት እስከ ዛሬ አትረሳኝም። እናቴ በሚቀጥለው ቅዳሜም ዞራ መጣች፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ቀረች። ሙዙን በሰው ላከችልኝ።

ከዚያ እሑድ መጣ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑም ከጸሎት ቤቱም ሰው ተመልሶ፣ ኮሚቴው በኢንጂነሩ ማንጎ ሥር የብርቱካን ለስላሳ እየጠጣ ነበር። ሃምሳ አለቃ ደምሴ እየተጣደፈ መጣ። «ጌታዬ፣ ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመዋል። ሰባት ናቸው። ሁሉም ሳር ጨብጠዋል። ምን ፈልጋችሁ ነው ብላቸው አይመልሱልኝም፤ አማርኛም ብዙ አይሰሙ መሰለኝ» አለ። ኢንጂነሩ ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። «ገባኝ! በጋው ጠናባቸዋ! ለከብቶቻቸው ነው፤ እንዲህ ያለ ሳር ስጡን ለማለት ናሙና ይዘው መምጣታቸው ነው። ምን ይጎዳናል? ሳሩም አድጓል፤ ማሳጨጃ ከምንፈልግ ይግቡና ይጨዱ። ደምሴ፣ ማጭድ ስጣቸው እንጂ!» አሉ። ሁሉም «ጥሩ ነው፣ ጽድቅ ነው» አለ። ክፋት የለባቸውም፤ ከልባቸው ነው። የሳሩን ነገር የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። እና ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔዋ ዝምታ ግን በዚያች ደቂቃ ውስጥ ነቀዘች።

ሽማግሌዎቹ በአንድ መስመር ገቡ። ዱንጉዛቸውን ለብሰዋል፤ ያን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተሸመነበትን የክብር ልብስ። ሳሩ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ አንድ ላይ ተንበረከኩ፤ የያዙትን እርጥብ ሳር በሁለት እጃቸው ወደ እኛ ዘረጉ። ሦስተኛው አባቴ ነበር። ሃምሳ አለቃ ደምሴ ማጭዱን አመጣና፣ እንግዲህ ለአንዳቸው መስጠት አለበት፣ አባቴ ፊት አስቀመጠው። አባቴ ማጭዱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ጠርሙስ ይዤ፣ ባለ አራት ኪስ ኮቴን ለብሼ ተቀምጫለሁ። «ልጄ» ብሎ ቢጠራኝ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቃል ባለቀ ነበር። አልጠራኝም። ለሕዝብ ጉዳይ መጥቶ በልጁ በኩል በጓሮ መግባት አልፈለገም። እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጥኩ፤ ጫማዬን አወለቅኩ፤ ሄጄ ማጭዱን ከአባቴ ፊት አነሳሁና ለሃምሳ አለቃ መለስኩለት። ከዚያ ከግቢው ሳር አንድ ጭብጥ ነቀልኩና አባቴ አጠገብ ተንበረከክሁ። «ታደለ! ምን ነካህ?» አሉ ኢንጂነሩ። «ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «እነዚህ ሰዎች ሳር ሊወስዱ አልመጡም። ሳር ሊሰጡን ነው የመጡት። በአገራችን ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ልመና ነው፤ እርቅ ነው። ጦር የተማዘዘ ሰው እንኳ ሳር ካየ ይቆማል። ሳሩን ረግጦ የሚያልፍ ጎሜ ይሆንበታል፤ ለልጅ ልጁ የሚተርፍ ነውር ማለት ነው። የመጡት ስለ በሩ ነው።» ወደ አባቴ አመለከትኩ። «ይህ አባቴ ነው። ሻንካ ይባላል፤ ኩልፎ ዳር ሙዝ ያለማል። በሩ ይዘጋ ሲባል እጄን ያወጣሁ እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናቴን ግን መሥሪያ ቤቱ ነው የዘጋው ብያታለሁ። ዋሽቻታለሁ።» ይህንኑ በጋሞኛ ደገምኩት፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እንዲሰሙ። አባቴ ዞሮ አላየኝም። ትከሻው ግን የእኔን ትከሻ ነካ፤ አውቆ ይሁን ሳያውቅ ጠይቄው አላውቅም።

ኢንጂነር ከበደ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። «ማጭድ! የምን ማጭድ ነው የሰጠሁት! ወይኔ ሰውዬው!» እያሉ ተነሱ። «ታደለ፣ ደንቡ ምንድን ነው? ምን ላድርግ?» አሉኝ። «ሳሩን ይቀበሏቸው» አልኳቸው። ተራ በተራ ከሰባቱም፣ ስምንተኛ ከእኔ፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ትልቁ ሽማግሌ ተናገረ፤ እኔ እየተረጎምኩ። «መንገዱ ከግንቡ በፊት የነበረ ነው። ግንቡን አልጠላነውም። ቤታችሁ ያምራል፤ ይመር። አላፊው ግን ይለፍ። ከሚያልፈው መሀል ክፉ ካገኛችሁ ራሳችሁ አትቅጡ፤ ለእኛ ንገሩን፤ ዱቡሻችን ላይ አቁመን እንፈርዳለን» አለ። ዱቡሻ ሽማግሌ ለዳኝነት የሚቀመጥበት ሜዳ ነው፤ እዚያ የቆመ ሰው ውሸት አይናገርም። ሰኞ ያው በያጅ ተመልሶ መጥቶ በሯን ቆርጦ ከፈታት። ኢንጂነሩ ቁልፏንም አስነቀሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «የሳሩ በር» ሆነ፤ ቁልፍ ገብቶባት አያውቅም።

ቅዳሜ እናቴ በዚያች በር መጣች። ቅርጫቷን አወረደችና ቀኝ እጄን ያዘችኝ፤ ገልበጥ አድርጋ መዳፌን አየችው። «በዚህኛው ነው?» አለችኝ። «አዎ እማዬ፣ በዚህኛው ነው» አልኳት። አንድ ሙዝ ገነጠለችና መዳፌ ላይ አስቀመጠች። «በል ልጠህ ብላ፤ ሌላ ሥራ ይልመድ» አለችኝ። አለቀስኩ፤ አስናቀች ሳቀችብኝ። የዚያን ቀን እናቴን ክንዷን ይዤ ሳሎን አስገባኋት፤ ፈረንጆቹ ትተውት የሄዱት ሶፋ ላይ አስቀመጥኳት። ዳር ዳሩን ነካ ነካ አድርጋ፣ «ይህ እንኳ ለጥጃ መኝታ ይሆናል» አለች። ያ አንሶላስ? ከወር በኋላ ገደሉ ላይ ያለው ትልቅ ሾላ ጫፍ ላይ ተገኘ፤ የዝንጀሮ መንጋ ሲጓተተው ከርሞ ተዘልዝሏል። የኢንጂነሩ ሳቅ እስከ ሲቀላ የሚሰማ ይመስል ነበር። እስከ ዕለተ ሞታቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን በራሳቸው ላይ ያወሩ ነበር፤ «ማጭድ ያቀረብኩት ሰውዬ እኔ ነኝ» እያሉ። እኔም ከዚያ ወዲያ ከየት ነህ ስባል «ከኩልፎ ዳር» እላለሁ፤ ማንም ሳይጠይቀኝም እላለሁ።

መንግሥት መጣ፣ መንግሥት ሄደ፤ ሽልንጉም ስሙኒውም ከኪሳችን ጠፋ። ቤቶቹ ለነዋሪው ተሸጡ፤ ብዙው ጎረቤት ሸጦ ሄደ፤ አንዳንዱ አረፈ። የሳሩ በር ግን አንድ ቀን ተዘግታ አላደረችም። ከተማው በሙሉ ግንቡ ላይ ጠርሙስ ሲሰካ፣ ቀጥሎ ሽቦ ሲጠመጥም፣ ቀጥሎ ካሜራ ሲተክል፣ የእኛ የሀብታሞች ግቢ ቁልፍ በሌላት በር ኖረ። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስታልፍ አይቻለሁ፤ ሙሽራ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ እናቴንም አባቴንም የሸኘናቸው በዚያች በር ነው። የምኮራው በሻወሩ መሰላችሁ? አሁን ግን አዲሶቹ ነዋሪዎች በቴሌግራም ቡድናቸው ላይ መጻጻፍ ጀመሩ። የአሥራ አንድ ቁጥሩ ባለ ሆቴል (ሥራ ወዳድ ጨዋ ሰው ነው) «ሞተር ብስክሌት ያልፋል፤ የማይታወቅ ሰው ይገባል» አለ። መጨረሻ ላይ የጻፈውን አስናቀች መነጽሯን አድርጋ ስታነብልኝ ብርድ ብርድ አለኝ፤ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል።

እንግዲህ እሑድ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሙዜን አንጠልጥዬ የታጨደው ሳር ላይ የቆምኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ሳር ይዤ እገባለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ጎንበስ ብዬ ብዳብስ ምን ልጨብጥ? ማሽኑ እንደ ወታደር ጸጉር ከሥሩ ላጭቶታል፤ በጣቴ የሚያዝ አንድም የለም። «ይህ ማሽን የሚሉት!» ብዬ ተሳደብኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ማሽኑ የማይደርሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የሳሩ በር ሥር። የሚያልፈው ሰው ከጄሪካኑ የሚያፈሰው ውሃ እያጠጣው እዚያ ሳሩ ጉልበት ይደርሳል። በማይታጠፈው ጉልበቴ እያነከስኩ ሄድኩ። ስደርስ ግን ሳሩ ተነቅሏል! አሁን፣ ትኩስ ነቀላ፤ ሥሩ ያለው አፈር ገና እርጥብ ነው። «የማን ፍየል ነው የገባው?» ብዬ ተናደድኩ። የተረፈችውን ትንሽ ጭብጥ ነቅዬ ወደ ስብሰባው ተመለስኩ።

ስብሰባው በዚያው ማንጎ ሥር ነበር። ከሩቅ ሳየው ሰዉ ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቷል። «አለቀ፤ ድምፅ ሰጥተው ጨርሰዋል» አልኩ በሆዴ። በትከሻ ተጋፍቼ ገባሁ። መሀል ላይ ዶክተር ሄለን ተንበርክካለች። የኢንጂነር ከበደ ልጅ ናት፤ ያ ሁሉ ሲሆን በእናቷ ጀርባ ላይ የታዘለች ሕፃን ነበረች፤ ዛሬ የራሷ ክሊኒክ አላት። ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም፤ በሁለት እጇ ረጅም እርጥብ ሳር ዘርግታለች። ባለ ሆቴሉ ፊት ለፊቷ ቆሞ የሚያደርገው ጠፍቶታል። «ዶክተር፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው? ቀለበት ነው? እንፈልግልሽ እንዴ?» ይላታል፤ ስልኩን አውጥቶ መብራት ሊያበራላት። «ምንም አልጠፋብኝም። እየለመንኩህ ነው» አለችው።

አጠገቧ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ ታደለ፣ ዘገዩብኝ እኮ! ከዚያ ወዲያ መጠበቅ አልቻልኩም» አለች። «ይሄን አባትሽ ነው ያስተማረሽ?» አልኳት። «አባቴ ማጭዱን ነው ያስተማረኝ። ሳሩ የእርስዎ ነው» አለችኝ። በወጉ ሳር የሚይዙት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አባቴ ነጭ ጋዋን የለበሰች የሸዋ ልጅ ሳር ይዛ ቢያይ ምን ይል እንደነበር አላውቅም። ትከሻውን አስጠግቶ ይንበረከክ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጉልበቴ ከታጠፈ ስንት ዓመቱ ነው፤ ሐኪሙም ራሷ ሄለን ናት። «ጋሼ፣ እርስዎ ይቅርብዎት፤ ጉልበትዎ!» አለች። «ዝም በይ» አልኳትና ሙዜን አስቀምጬ አጠገቧ ተንበረከክሁ። ታጠፈ። ለባለ ሆቴሉ ታሪኩን ከአንሶላው ጀምሬ ነገርኩት፤ ማጭዷንም አልደበቅሁም። ሲያዳምጥ ቆየ። ቀስ ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ሁለት እጁን ዘረጋና መጀመሪያ ከእሷ፣ ቀጥሎ ከእኔ ሳሩን ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ድምፅ ይሰጥ ያለ ሰው አልነበረም፤ በሯ ክፍት ቀረች። ከዚያ እኔን ለማንሳት ሁለቱም ታገሉ፤ እሱ በአንድ ብብቴ፣ እሷ በሌላው።

ሰኞ ጠዋት ጉልበቴን በጨርቅ ጠምጥሜ በረንዳዬ ላይ ተቀምጫለሁ። አንዲት ሴት ቅርጫት ሙዝ ተሸክማ በሳሩ በር ገባች። አላውቃትም፤ አታውቀኝም። በዘጠኝ ቁጥር ፊት ስታልፍ፣ «እንደምን አደሩ አባባ» አለችኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነሽ ልጄ?» አልኳት። በሩ ትናንት ሊዘጋባት እንደነበር አልሰማችም፤ እኔም አልነገርኳት።